ስሙ ሰሌዳው ላይ ካለ

በአጥንት ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችው ሲስተር ሁለት መጠሪያ አላት። ፊት ለፊት «ሲስተር» ናት፤ ጀርባዋን ስትሰጥ «ቃሪያ»። ይህን ቅጽል ያወጣላት ጡረታ የወጣ ዘበኛ ነው፤ ለምን ቢሉት «ታንሳለች፣ ታቃጥላለች» ብሎ አረፈው። እውነቱን ነው። ቁመቷ ከመድኃኒት ጋሪው ብዙም አይበልጥም፣ ድምፅዋ ግን ከኮሪደሩ ወዲህኛው ጫፍ ተነሥቶ ወዲያኛው ጫፍ ያለውን የተኛ ሰው ያባንናል። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። «እንዴት ቻልካት?» የሚሉትን ጓደኞቹን፣ «ሁለታችንም በመርፌ ነው የምንኖረው። እኔ የምወጋው ጨርቅ ዝም ይላል፤ እሷ ከሚጮኹ ሰዎች ጋር እየዋለች መጮህ ለመደባት» ይላቸዋል። ከጋውኗ ኪስ የማይጠፋውን የልብስ ሜትር የሰጣትም እሱ ነው፤ የቁስል ስፋት፣ የፋሻ ርዝመት፣ ያበጠ እግር ውፍረት በሱ ትለካለች።

ቁጣዋ ያለ ምክንያት አልነበረም። ያን ሁሉ እያየ የማይናደድ ሰው ካለ መመርመር ያለበት እሱ ነው። አሳንሰሩ ከተበላሸ አሥራ አንድ ወሩ ነው፤ እግሩ የተሰበረ ሰው በአራት ሰው ትከሻ ሦስት ፎቅ ይወጣል። አንድ ካርቶን ጓንት ለማውጣት ሦስት ፊርማ ይጠየቃል፣ ሦስተኛው ፈራሚ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። የቀዶ ጥገና ዕቃ የሚቀቅለው ማሽን ደግሞ ከበሽተኞቹ የባሰ በሽተኛ ነው፤ በሳምንት ሁለቴ ይተኛል። ቃሪያ ለዚህ ሁሉ ትጮኻለች። በአሳንሰሩ ነገር ዳይሬክተሩ ቢሮ ድረስ ሄዳ፣ «እርስዎን አንድ ቀን በቃሬዛ ላስወጣዎት እንዴ?» ብላቸዋለች። አሳንሰሩ ግን አልተሠራም።

ከሁሉ በላይ ደሟን የሚያፈላው ግን የሰዓት ሠሪው ጉዳይ ነው። ሽማግሌው የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ የነበረች አንድ ልጅ ነበረቻቸው። ሞተር ሳይክል ገጭቷት ጭኗ ተሰብሮ በዚሁ ክፍል ስድስተኛው አልጋ ላይ ተኛች። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ቀና ብላ ውኃ ጠየቀች፤ ውኃው እስኪመጣ «አየር አጠረኝ» አለች፤ ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም። የሞት ወረቀቷ ላይ «ድንገተኛ የልብ መቆም» ተብሎ ተጻፈ። ሰዓት ሠሪው አነበቡና፣ «መቆሙንማ እኔም አይቻለሁ። ለምን ቆመ ነው የምለው» አሉ። አርባ ዓመት ሰዓት ሲፈቱ ያለ ምክንያት የቆመ አንድም አላጋጠማቸውም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ የሚሉ ሰው ናቸው። በየወሩ የመጀመሪያው ሰኞ እየመጡ፣ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው፣ ምክንያቱ ተጽፎና ተፈርሞ እንዲሰጣቸው ይጠይቃሉ። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይመራቸዋል፤ ሌላው ፋይሉ መዝገብ ቤት ነው ይላቸዋል፤ መዝገብ ቤቱ ያለ ደብዳቤ አይወጣም ይላቸዋል።

ዓመት ሙሉ ጠበቃቸው ቃሪያ ነበረች። ክንዳቸውን ይዛ ከወንበሩ ታነሣቸዋለች፣ ከበር ወደ በር ታደርሳቸዋለች፣ እሳቸው የሚያፍሩበትን እሷ ትናገርላቸዋለች። «ሰው እኮ ነው የሞተባቸው! ዶሮ ነው የጠፋባቸው?» እያለች ስንቱን ጸሐፊ ከወንበሩ አስነሥታለች። አንድ ተለማማጅ ሐኪም በጊዜው «ደም ረግቶ ሳንባዋ ገብቶ ይሆን?» ብሎ ነበር። ቃሪያ ቱግ አለች፤ «በኔ ክፍል ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው መርፌ አይረሳም! ጥፋት ከፈለግህ እዚያ ቀዶ ጥገና ክፍላችሁ ውስጥ ፈልግ!» አለችው። ልጁ ሁለተኛ አላነሣውም። ሽማግሌው ግን ሰኞ ሰኞ ሲሄዱ እጇን ይዘው፣ «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር፣ ልጄ» ይሏታል።

ለሳኙ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ግድግዳ ሲለስን ከሦስተኛ ፎቅ መወጣጫ ላይ ወድቆ፣ ከጉልበቱ በታች ያለው አጥንት እንደተረገጠ ብስኩት ሆኖ ነበር። እንዲህ ያለ እግር በዕለቱ አይከፈትም። ያብጣል፣ ቆዳው ይወጠራል፣ ውኃ ይቋጥራል፤ ያን ጊዜ ቢቀድዱት ቁስሉ አይገጥምም። ስለዚህ ሐኪሞቹ ለጊዜው ብረት ያስሩለታል፤ ጭኑና ቅልጥሙ ላይ ረጃጅም ብሎን አስገብተው ከውጭ በኩል በዘንግ ያያይዙታል። ዋናው ቀዶ ጥገና እብጠቱ ጎድሎ ቆዳው እስኪሸበሸብ ይጠብቃል። ለሳኙ ነቅቶ እግሩን ሲያይ፣ «የወደቅሁበትን መወጣጫ እግሬ ላይ ተከላችሁት እንዴ?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው።

ብረቱ አጥንቱን ይይዛል፤ ደሙን ግን አይጠብቅም። ሳይንቀሳቀስ የተኛ እግር ውስጥ ደም እንደ ቆመ ውኃ ይዘገያል፤ ስብራቱ ደግሞ ቶሎ እንዲረጋ ይገፋፋዋል። የረጋው ጓል ተነቅሎ ሳንባ የገባ ዕለት ሰው ደህና እደሩ ሳይል ይሄዳል። ለዚህ ነው ሁልቀን ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ እምብርቱ አጠገብ፣ ደም እንዳይረጋ የምታደርግ ትንሽ መርፌ የሚወጋው። ቃሪያ ይህን ከብዙ ሐኪም ይልቅ ታውቃለች።

ክፍሉ ግን አንድ ሕግ አለው። በማግስቱ ቀዶ ጥገና የሚደረግላቸው ሰዎች ስም ኮሪደሩ ላይ በተሰቀለው ነጭ ሰሌዳ ይጻፋል። ስሙ ሰሌዳው ላይ ያለ ሰው የዚያን ማታ መርፌ አይወጋም፤ በቀዶ ጥገናው ደሙ እንዳይበዛ ነው። ካርዱ ላይ «ታለፈ፣ ለቀዶ ጥገና» ተብሎ ይጻፋል፣ ይፈረማል። ሕጉን መጀመሪያ ማን እንዳወጣው የሚያስታውስ የለም፤ ለመጣው ሁሉ የምታስተምረው ግን ቃሪያ ነች። «ስሙ ሰሌዳው ላይ ካለ ይታለፋል! ሰሌዳውን ያላየ መርፌ እንዳይነካ!» ትላለች፣ ጣቷን ሰሌዳው ላይ እየቀጠቀጠች።

በሰባተኛው ቀን የለሳኙ ቆዳ ተሸበሸበና ስሙ ሰሌዳው ላይ ወጣ። የዚያን ማታ መርፌው ታለፈ። በማግስቱ በባዶ ሆዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጠብቅ ውሎ፣ መቀቀያው ማሽን ተበላሽቷል ተባለ። «ነገ» አሉት፤ ስሙም ሰሌዳው ላይ ቀረ። ስሙ ስላለ መርፌው ታለፈ። በማግስቱ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ሌላ ቦታ ተጠራ። «ነገ» አሉት። ቃሪያ ዳይሬክተሩ ቢሮ በሩን በርግዳ ገባች። «ሰውየው ሥጋ ነው ወይስ ግድግዳ? ስንት ቀን በረሃብ ታቆዩታላችሁ?» ብላ ጮኸች፤ ጮኻም ጮኻም ምንም ሳታገኝ ወጣች።

ከዚያ ስትመለስ፣ ገና ጢሷ ሳይበርድ፣ ዝምተኛው ነርስ የመድኃኒት ካርዱን ይዞ ጠበቃት። ከሌላ ሆስፒታል የተዛወረ የአርባ ዓመት ሰው ነው፤ ቃል የሚከፈልበት ይመስል ቆጥቦ ነው የሚናገረው።

«ሲስተር» አላት፣ «የለሳኙ መርፌ ትናንትም ከትናንት ወዲያም ታልፏል። ዛሬም ይለፍ?»

«ሰሌዳውን አታይም?» አለች ቃሪያ። «ዓይን የለህም? ነገ ደሙ አልቆም ሲል አንተ ትጠርገዋለህ?»

«እንደሱ ሳይሆን፣ ሦስተኛ ቀኑ ስለሆነ...»

«አንተን ብሎ አስተማሪ! እዚህ ክፍል ስገባ አንተ ገና ሱሪህን መታጠቅ አታውቅም ነበር!»

በሽተኞቹ ሳቁ። የነርሱ ጆሮ ቀላ። «እሺ» አለና ካርዱን ሰጣት፤ እሷም «ታለፈ» ብላ ጽፋ፣ ጅራቷ ረዥም የሆነችውን ፊርማዋን አሳረፈችበት። በማግስቱ የአውቶቡስ አደጋ ደርሶ ጠረጴዛዎቹ ሁሉ ተያዙ፤ ታለፈ። በማግስቱ ደግሞ ልኩ የሆነ ብረት ጠፋ፤ ታለፈ። አንዱም ማታ ለብቻው ሲታይ ጥፋት የለበትም። የሚደምራቸው ሰው ነው የጠፋው።

በስድስተኛው ጠዋት ሁሉም ነገር ሞላ። ማሽኑ ዳነ፣ ባለሙያው መጣ፣ ብረቱ ተገኘ። ቃሪያ ክፍሉን ስትዞር የለሳኙን ሚስት አየቻት፤ ሴትየዋ በዘንጎቹ መሐል እጇን አሾልካ ባቱን ታሻለታለች።

«እጅሽን አንሺ!» ቃሪያ እንደዚያ ስትጮኽ ማንም ሰምቷት አያውቅም። «አትንኪው አልኩሽ!»

ሴትየዋ ደነገጠች። «ሌሊቱን ባቴን ወጠረኝ ሲል አደረ፣ ሲስተር። ብረቱ ነው ብዬ ትንሽ ላላላለት ብዬ ነው።»

ቃሪያ እጇን አሳረፈች። ባቱ ይፋጃል፤ እንደ ደረቀ ሊጥ ጠጥሯል። የልብስ ሜትሯን አውጥታ ደህናውን እግር ለካች፣ የታመመውን ለካች። በአራት ተኩል ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። እንደገና ለካች፤ ያው ነው። በዚህ መሐል ቃሬዛ ገፊዎቹ ደረሱ፣ የአጥንት ሐኪሙም ከኋላቸው እጁን እያፋተገ መጣ።

«አይሄድም» አለች ቃሪያ።

«ምን ማለትሽ ነው?» አለ ሐኪሙ። «አምስት ቀን ለምኜ ያገኘሁት ጠረጴዛ ነው!»

«አምስት ዓመት ብትለምን አይሄድም። እግሩ ውስጥ ደም ረግቷል። መጀመሪያ ደም ሥሩ በአልትራሳውንድ ይታይ።»

«ሲስተር፣ ዛሬ ካለፈ በዚህ ሳምንት አላገኝም። ሐኪሙ እኔ ነኝ።»

«ቀባሪው ደግሞ ማን ሊሆን ነው?» አለችና በሩ ላይ ቆመች። ያቺ ሜትር ከስድሳ የማትሞላ ሴት በሩን ሞላችው። ሐኪሙ ተቆጣ፣ ሰዓቱን አየ፣ መጨረሻ ላይ ጎንበስ ብሎ ባቱን ነካ። ቁጣው እዚያው ጠፋ።

አልትራሳውንዱ ከጉልበቱ በስተኋላ እስከ ጭኑ አጋማሽ የተዘረጋ የረጋ ደም አሳየ። ሐኪሙ ምስሉን እያየ፣ «ይኼን እግር ዛሬ ጠምዝዤው ቢሆን ኖሮ...» አለ። ቀዶ ጥገናው ቀረ፤ ደሙን የሚያቀጥነው መድኃኒት በከፍተኛ መጠን ተጀመረ፤ ለሳኙ እንዳይነሣ ተከለከለ። ሚስቱ መጥታ የቃሪያን እጅ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ «የልጆቼን አባት ሰጡኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» እያለች አለቀሰች።

ቃሪያ ግን ሆዷ አልበረደም። መርፌ የታዘዘለት ሰው ደሙ እንዴት ይረጋል? አንድ ቸልተኛ አለ። ሁሉንም ነርሶች መድኃኒት ክፍል ሰበሰበች፣ ሐኪሙም ገባ። «ዛሬ አንድ ሰው ከዚህ ክፍል ይባረራል!» ብላ ካርዱን ከፍታ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። «ታለፈ። ታለፈ። ታለፈ።» አራተኛው ላይ ድምፅዋ ቀነሰ። አምስተኛውን በዓይኗ ብቻ አነበበችው። አምስት ማታ፣ አምስት ፊርማ። ከአምስቱ ሦስቱ ጅራታቸው ረዥም ነው።

ቃሪያ ዞር ብላ ዝምተኛውን ነርስ አየችው።

«ታውቅ ነበር!» አለችው። «ለምን ደግመህ አልጠየቅኸኝም?»

«ሲስተር» አለ ነርሱ፣ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ፣ «አንቺን ሁለቴ የሚጠይቅ ማን አለ?»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የሌላውን ድስት ስታማስል፣ የሌላውን ክዳን ስትከፍት፣ የሷ እዚያው ከፊቷ ሲያር አልሸተታትም። የለሳኙ ሚስት ዘንድ ሄዳ «መርፌውን አምስት ማታ አልፈነዋል፤ ሦስቱን ያለፍሁት እኔ ነኝ» አለቻት። ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ባሏ መለሰች። ለሳኙ ከወር በኋላ ተቀድዶ በክራንች እስኪወጣ ድረስ ሴትየዋ ከ«ደህና አደሩ» በቀር አላናገረቻትም። ሕጉም በዚያው ሳምንት ተቀየረ፤ ቀዶ ጥገናው የተሰረዘበት ሰው መርፌውን በዕለቱ እንዲወጋ፣ ሁለት ማታ ከታለፈ ሐኪም እንዲጠራ ተባለ። አንድ ገጽ ወረቀት፣ አንድ ፊርማ። ይህችን አንድ ገጽ ለመጻፍ ሰው መሞት ነበረበት ወይ? ቃሪያ ይህን ጥያቄ ዳይሬክተሩ ላይ ልትጮኸው አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

ምክንያቱም ስድስተኛው አልጋ ትዝ ብሏት ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ መዝገብ ቤት ወረደች። ሠራተኛው ገና ሲያያት ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ፤ «ያለ ደብዳቤ አይ...» ሲል፣ «እባክህ ወንድሜ» አለችው፣ በለሆሳስ። ሰውየው ከጩኸቷ ይልቅ ይኼ አስፈራው፤ ፋይሉን አውጥቶ ሰጣት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የትኬት ቆራጯ ካርድ ዓመት ሙሉ አቧራ ለብሶ የያዘውን እንደያዘ ነው። አሥር ማታ። ስድስቱ ተወግቷል። የመጨረሻዎቹ አራቱ፣ «ታለፈ፣ ለቀዶ ጥገና»። ያን ሳምንት ቃሪያን የምትተካት ነርስ ፈቃድ ላይ ነበረች፤ አራቱም ፊርማ የራሷ የቃሪያ ነው።

ቤት ገብታ ለባሏ ነገረችው። እሱ የልብስ መስፊያውን አቆመ። «ማን አየው?» አለ። «ካርዱ እዚያው ነው፣ ሽማግሌው አያነቡትም። በሕይወትሽ አንዴ እንኳ ዝም ብትይስ?»

«ጩኸቴን ስንት ዓመት ችለህ ዛሬ ነው ዝም በይ የምትለኝ?» አለችው፤ ተናደደች፣ እያለቀሰችም ተናደደች። በሱ ላይ እንዳልነበረ ግን ሁለቱም ያውቃሉ።

ሰኞ ሰዓት ሠሪው መጡ። ሦስቱን ፎቅ ወጥተው ሲያለከልኩ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቆሙ።

«ዛሬ የትኛው ቢሮ ነው፣ ልጄ?»

«ዛሬ ቢሮ የለም፣ አባባ» አለችና አጠገባቸው ተቀመጠች። ካርዱን ጉልበታቸው ላይ አድርጋ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ብረቱን፣ ደሙን፣ ሰሌዳውን፣ መርፌውን። ጎን ለጎን ሆነው ስለነበር ፊታቸውን አላየችም።

«አራት ማታ?» አሉ።

«አራት ማታ።»

«አራቱንም አንቺ?»

«አራቱንም እኔ ነኝ፣ አባባ።»

ሽማግሌው ዱላቸውን ወለሉ ላይ ሁለት ጊዜ አዞሩት። «ታዲያ ዓመት ሙሉ አብረን ስንጮኽ የነበረው በማን ላይ ነው?»

ቃሪያ ስለ ሕጉ ልትናገር ነበር፤ ስለ ማሽኑ፣ ቀዶ ጥገናውን ሦስት ጊዜ ስለሰረዙት ሰዎች ልትናገር ነበር። ሁሉም እውነት ነው፤ በሁሉም ገና ትናደዳለች። ግን አንዱም ከአፏ አልወጣም።

«ጻፊው» አሉ። «ተጽፎ ይሰጠኝ ነበር ያልኩት። ፈርሚበት።»

ከማስታወሻዋ አንድ ገጽ ቀድዳ ጉልበቷ ላይ ጻፈች፦ ልጅዎ የሞተችው ደም ረግቶ ሳንባዋ ገብቶ ሳይሆን አይቀርም፤ የሚከላከለውን መርፌ አራት ማታ በተከታታይ አልወጋኋትም፤ በአምስተኛው ጠዋት ሞተች። ፈረመች። ሰዓት ሠሪው ከደረት ኪሳቸው የሥራ ማጉያቸውን አውጥተው ዓይናቸው ላይ ሰኩ። ወረቀቱን አዩ፣ ካርዱን አዩ፣ እንደገና ወረቀቱን አዩ። አምስቱም ፊርማ አንድ ነው። ወረቀቱን አራት አጥፈው የውስጥ ኪሳቸው ከተቱት።

ቃሪያ ተነሥታ እንደ ሁልጊዜው እጇን ዘረጋች። ሽማግሌው እጇን አዩት። ከዚያ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን፣ በሌላው ዱላቸውን ይዘው ሊነሡ ሞከሩ፤ መልሰው ተቀመጡ፤ በሁለተኛው ተነሡ። የደረጃውን መያዣ ተደግፈው ሦስቱን ፎቅ ብቻቸውን ወረዱ።